የኩሬው ውሃና ሁለቱ ዕጩዎች

ለፕሬዝዳንትነት ከሚወዳደሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆኑት ዶክተር ምንተስኖት፣ ማንን እንደሚመርጥ ገና ልቡ ወዳልቆረጠ አንድ የቆላ መንደር መጡ። ሕዝቡ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሰበሰብላቸው አንዲት አሮጊት ከኩሬው የተቀዳ ውሃ በጣሳ ይዘው ቀረቡ። ለእንግዳ የሚሰጥ ነገር አስቀድሞ ይቀመሳልና፣ ከጣሳው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጧቸው። ዶክተሩ የደፈረሰውን ውሃ አየት አደረጉና ጣሳውን ወንበራቸው ሥር አስቀምጠው ከመኪናቸው የታሸገ ውሃ አስመጡ።

ጉሮሯቸውን ካራሱ በኋላ ራሳቸውን ከተፎካካሪያቸው ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። በመንገድ እኔ እበልጣለሁ አሉ፤ በጤናም እንዲሁ። ውሃ ላይ ሲደርሱማ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«እኔ በየመንደሩ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። አቶ ጫንያለው ግን ባለፈው ሳምንት እዚሁ መጥተው፣ ንግግራቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ሮጠው ሄዱ አሉ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ እናቴ፤ በውሃ ጉዳይ ከሁለታችን ማንን ያምናሉ?»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጣሳቸውን ከወንበሩ ሥር አነሱ።

«እሳቸውን ነዋ» አሉ። «የሮጡትኮ ይህንኑ ውሃ ጨልጠው ነው። ከዚህ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያልተቀመጡበት ቁጥቋጦ የለም። እርስዎ ቤተ መንግሥት ሲገቡ ውሃችንን ይረሱት ይሆናል። እሳቸው ግን ቢመረጡም ባይመረጡም አይረሱትም።»