የእመት በቅሎ ተዝካር

ጎተራ ማለት ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ፣ ሆዱ ሰፊ አፉ ጠባብ የሆነ የእህል ማስቀመጫ ነው። ሥራውም እህልን ከዝናብ፣ ከነቀዝና ከአይጥ መጠበቅ ነው። እህልን ከተራበ መጠበቅ ሥራው አይደለም። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ልብ ያላላት ጠባቂ ስለነበረ ነው ይህ ሁሉ ጉድ የመጣው።

ድሮ ድሮ፣ ስሟን የሚያስታውሱ ሁሉ ባለቁባት አንዲት አገር አንበሳ ነግሦ ይኖር ነበር። ንጉሡ አንድ ቀን አዋጅ አስነገረ። «ያረጀ ሁሉ ከጎተራዬ ይብላ። የሞተም እንደሆነ ተዝካሩ ከጎተራዬ ይደገስ።» ደግ አዋጅ ነበር። ችግሩ ጎተራው ያለው ገደል አናት ላይ መሆኑ ነው፤ ጠባቂ ሆኖ የተሾመውም ዝንጀሮ ነው።

ከገደሉ ሥር ሦስት አዛውንት በአንዲት ጎጆ ተጠግተው ይኖሩ ነበር፤ እመት በቅሎ፣ አያ ውሻና እማማ ፍየል። ያንን ሁሉ እህል ተሸክማ ገደሉ ላይ ያወጣችው እመት በቅሎ ነበረች። አሁን ግን ጉልበቷ ከድቷታል፤ በቅሎ ናትና የሚጦራት ልጅ የላትም። አያ ውሻ ጥርሱ ረግፎ አልቋል፤ ሌባ ሲያይ እንኳ የሚጮኸው በልቡ ነው። እማማ ፍየል ግን፣ ብታረጅም ፍየል አይደለች፣ እንደ ምንም ብላ ገደል ትወጣለች።

በጋው ጠና፣ ሣሩ ደረቀ፣ ሦስቱም ጦማቸውን ማደር ጀመሩ። እማማ ፍየል ከረጢቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አንዴ እየወጣች አንዴ እያረፈች፣ ገደሉ አናት ደረሰች።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ!» አለ ዝንጀሮ ብድግ ብሎ። ጨዋ ነበር።

«እግዜር ይመስገን ልጄ። አርጅቻለሁ፤ ድርሻዬን ስጠኝ።»

«ያንን ገደል በእግርዎ ወጡት?»

«በምን ልውጣው ታዲያ?»

«እንግዲያው አላረጁም። ያረጀማ እዚህ አይደርስም።»

«እሺ፣ ለእመት በቅሎና ለአያ ውሻ ስጠኝ። እነሱ መቆምም አቅቷቸዋል።»

«የታሉ?»

«ታች ናቸዋ!»

«ቢርባቸው ይመጡ ነበር» አለ ዝንጀሮ በሐዘኔታ። «ደንቡ ይኸው ነው እማማ። የመጣ አላረጀም፤ ያልመጣ አልራበውም።»

በሌላ ቀን እማማ ፍየል እያነከሰች ወጣች። «እያነከሱም ቢሆን መጥተዋል» አላት። «የመጣ አላረጀም፤ ያልመጣ አልራበውም።»

ቢቸግራቸው ሦስቱም ገደሉ ሥር ቆመው «ርቦናል!» ብለው ጮኹ።

ዝንጀሮ ወደ ታች አየት አደረገ። «ይህን የሚያህል ድምፅ ያለው አልራበውም» ብሎ ገባ።

«በቃ፣ እኔ ልሙት» አለች እመት በቅሎ።

«ኧረ እባክሽ ታገሺ!» አለ አያ ውሻ ደንግጦ።

«ሞኝ! የምሞተው ለዝንጀሮ ብቻ ነው። ለቁም የነፈገ ለሙት እጁ ይፈታል። ፍየሌ፣ ነገ ውጪና መርዶዬን ንገሪልኝ።»

በማግስቱ እማማ ፍየል እያለቀሰች ደረሰች። «እመት በቅሎ ሞተችብን! ነገ ተዝካሯ ነው!»

ዝንጀሮ ደረቱን መታ። «ወይኔ! ወይኔ እናቴ! ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ስትራብ ነግሬህ ነበር።»

እሱ ግን አልሰማም። የተዝካር እህል ይዞ የመጣ ከላይኛው መቀመጫ ተቀምጦ ቀድሞ ይጎርሳልና፣ ልቡ እዚያ ሄዷል። «ምን ትወድ ነበር?» አለ ምራቁን እየዋጠ።

«ገብስ።»

«ገብስ ይሁንላታ! ለእንዲህ ያለች እናት ይሰሰታል?» የገብሱን ጆንያ በጀርባው፣ የባቄላውን ከረጢት በአንገቱ አድርጎ፣ ከፍየሏ ቀድሞ ወረደ።

ንፍሮው ተቀቀለ፣ ዳቦው ተጋገረ፣ ዝንጀሮም እስኪያገሳ በልቶ ሄደ። ከዓይን ሲሰወር ሟች ከጓሮ ወጥታ ተዝካሯን ተደላድላ በላች። «ነፍሷን ይማር» አለች፣ ድጋሚ እያነሣች።

እህሉ ሲያልቅ አያ ውሻ ሞተ። ዝንጀሮ ከፊተኛው አብልጦ አለቀሰ፤ ከፊተኛውም አብልጦ ተሸከመ።

ወሬው ግን ንጉሡ ጆሮ ደርሶ ነበር። «ጎተራዬ ሙሉ ሆኖ አዛውንቶቼ ለምን ያልቃሉ?» ብሎ ለአያ ውሻ ተዝካር ራሱ መጣ። ዝንጀሮ ደስ አለው። አፉን ጠርጎ ከንጉሡ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ሁለቱንም እንደ እናትና እንደ አባት ነበር የማያቸው። በተለይ እመት በቅሎን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህች እጄ እያጎረስኩ…»

«ውሸታም!» አለ አንድ ድምፅ ከጓሮ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ጓሮ ዞረ። እመት በቅሎ ጆሮዋን አቁማ ብቅ አለች። አያ ውሻም ሌላ ምርጫ ስላጣ ተከትሏት ወጣ። «ስለ እኔ ገና ምንም አላለም እኮ» እያለ ያጉረመርማል፤ «ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?»

«አታለውኛል ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ። «በቁማቸው የሙት እህል በሉ!»

ንጉሡ በቅሎን አያት። «ሞተሽ አልነበር እንዴ?»

«በረሀብ ልሞት ነበር፣ ጌታዬ። ቀደም ብዬ ሞትኩና ዳንኩ።»

«በቁምሽ ከጎተራው ለምን አልበላሽም?»

ለዚህ መልስ የሰጠችው እማማ ፍየል ናት፤ በቃሏ ይዛዋለች። «የመጣ አላረጀም፤ ያልመጣ አልራበውም።»

አንበሳ ብዙ አሰበ። ከዚያ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። «የተዝካሩ እህል በምን ወረደ?»

«በጀርባዬ፣ ጌታዬ!» አለ ዝንጀሮ፣ ሊመሰገን መስሎት።

«እንግዲያው መንገዱም አለ፣ ጀርባውም አለ» አለ ንጉሡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዝንጀሮ በየሳምንቱ እህል እየተሸከመ እደጃቸው ድረስ ያወርድ ጀመር። ቀድሞ የሚጎርሰውም አያ ውሻ ሆነ፤ ጥርስ ስለሌለው ጊዜ ይፈጅበታልና። የዝንጀሮ መቀመጫ የተላጠው ያኔ ገደሉን ሲንሸራተት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተም ትልልቆቹ፣ በቁም የተነፈገ እፍኝ በተዝካር ቁና አይካስም።

እመት በቅሎ ብዙ ክረምት ኖራ በመጨረሻ የምር ሞተች። ተዝካር አልተደገሰላትም፤ በልታው ነበር።