ዶክተር አንዳርጌ በሳይንስ ጉባኤ

ዶክተር አንዳርጌ ሽብሩን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ሲገናኙ የጅማውን ጉባኤ ሳያነሱ አይለያዩም። እኛም እንደሰማነው እናውራው። ሰውየው የሥነ ልሳን ምሁር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከሲታ፣ በሰው ከመቀለዳቸው በፊት በራሳቸው የሚቀልዱ።

በዚያ ዓመት ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የግብርና ባለሙያውም ለሳይንስ ጉባኤ ጅማ ከተተ። ለሥነ ልሳን የደረሰው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። በዚያ ላይ ሰብሳቢው፣ የፊዚክሱ ፕሮፌሰር ደምሰው፣ «ይህ ዘርፍ ከጉባኤው ይውጣ» ሊሉ ነው ተብሎ ይወራል። ዶክተሩን ያሳሰባቸው የባልደረባቸው የአስካለ ነገር ነበር። ተናጋሪዎቹ እያለቁ ያሉ የአንድ ትንሽ ቋንቋ ተረትና ዘፈን በቴፕ ቀርጻ መጥታለች፤ ከዚህ ሌላ የሚሰማት መድረክ የላትም።

በር ላይ ስም የምትመዘግበው ልጅ ሙያቸውን ጠየቀቻቸው። ሥነ ልሳን መሆኑን ነገሯት።

«ውይ! ታዲያ ስንት ቋንቋ ይችላሉ፣ አባባ?»

«አንድ እችል ነበር፤ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ እሱንም እየተጠራጠርኩ ነው።»

ጥናታቸውን ማቅረብ ሲጀምሩ የሽንኩርት ቁሌት ክፍሉን ሞልቶታል። አንድ ወፍራም የግብርና ባለሙያ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። አስካለ አፍራ ልትቀሰቅሳቸው ብድግ ስትል ዶክተሩ በእጃቸው ከለከሏት።

«ተያቸው! ጥናቴ ለሰው ሲጠቅም ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ይህን ሲሉ ፕሮፌሰር ደምሰው ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥናቱ ስለ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ጰ» አነባበብ ነው፤ የዶክተሩ የፊት ጥርስ ደግሞ ወልቋል። «ጰ»ን አጥብቀው ሲያሳዩ ምራቃቸው ተፈናጥሮ የፕሮፌሰሩ ጉንጭ ላይ አረፈ።

«ዶክተር፣ ምራቅዎ ደረሰኝ!» አሉ ፕሮፌሰሩ መሐረባቸውን እያወጡ፣ ቆጣ ብለው።

ዶክተሩ እጅ ነሱ።

«እግዜር ይስጥልኝ! ከንግግሬ እስካሁን ለሰው የደረሰው እሱ ብቻ ነው።»

ምሳ ላይ አስካለ መታገሥ አቃታት። «ሊያስወጡን ነው፣ እርስዎ ይቀልዳሉ! ምነው አንዴ እንኳ የቁም ነገር ቢናገሩ?»

ዶክተሩ ምግቡን ሳይነኩ ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«ሞክሬ ነበር፣ ልጄ። ሰው በጣም የሳቀው ያኔ ነው።»

በመዝጊያው ቀን የተፈራው ደረሰ። ፕሮፌሰር ደምሰው በትልቁ አዳራሽ ተነሥተው፣ «እኛ ድልድይ እንሠራለን፣ በሽታ እናድናለን። ንግግር ግን ማንም ሕፃን ከእናቱ ጉያ የሚለምደው ነገር ነው፤ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?» ሲሉ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አስካለ አንገቷን ደፋች።

ዶክተር አንዳርጌ መድረኩ ላይ ወጥተው ስለ ቴፑ፣ ስለሚጠፋው ቋንቋ በቁም ነገር ለማስረዳት ሞከሩ። ሆድ ባሳቸውና ቃሉ ተደነቃቀፈባቸው።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «የቋንቋ ምሁሩ ራሳቸው መናገር አቃታቸው!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ዘርፉን ከጉባኤው የማስወጣቱ ሐሳብ ግን በዚያው ቀን ወደቀ፤ አስካለም በዓመቱ ቴፗን በዚያው በትልቁ አዳራሽ አሰማች። ነገሩን የገለበጠው ዶክተሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው የሰጡት መልስ ነው ይባላል።

«እውነት ነው ፕሮፌሰር። እኔ ዕድሜ ልኬን አጥንቼ አንድ ሰው ማስረዳት አቃተኝ፤ እርስዎ ሳያጠኑ አዳራሹን ሙሉ አሳመኑ። ታዲያ ይህን የመሰለ ጉድ ሳይጠና ይቅር?»