የፈጣን ምላሽ ዋንጫ

በአንድ ወቅት፣ የእንስሳት ክትባት የፈለገ ሁሉ በኢሜይል ብቻ እንዲጠይቅ የሚያዝ መሥሪያ ቤት ነበረ። በዚያው ከተማ ትርንጎ የምትባል ዶሮ አርቢ ትኖር ነበር፤ ልጆቿን የምታሳድገው እንቁላል ሸጣ ነው። የፋሲካ ሰሞን የዶሮ በሽታ ፈንግል ሰፈሩ መግባቱን ስትሰማ፣ ውላ ሳታድር ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈች።

መልሱ ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ መጣ። «እሺ የተከበሩ ደንበኛችን። ጥያቄዎ ደርሶናል። ምንም አያስቡ። መልካም በዓል!»

ጎረቤቷ ጋሽ ደምሰው ከሌላ ከተማ ክትባት ሊገዙ ሲነሡ በሯን አንኳኩ።

«ላንቺም ላምጣልሽ?»

«ኑሩልኝ ጋሼ፤ ከቢሮ እሺ ብለውኛል።»

እሺ ያላት ግን ሰው አልነበረም። ሦስቱም ሠራተኞች ለበዓል አገር ቤት ገብተው፣ ለየኢሜይሉ እሺ የሚለው ኮምፒውተሩ ነበር። ዶሮዎቿ አንገታቸው እየተቆለመመ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ያልቁ ጀመር። በየቀኑ ጻፈች፤ በየቀኑ እሺ መጣላት። ከአጥር ማዶ የተከተቡት የጋሽ ደምሰው ዶሮዎች ይንጫጫሉ።

ከበዓል መልስ የሞቱትን በጆንያ ሞልታ፣ ተሸክማ ቢሮ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ጭቅጭቅ ሰማች። ኮምፒውተሩ የላከው እሺ ሁሉ እንደ መልስ ተቆጥሮ፣ ከበላይ አካል ለመሥሪያ ቤቱ የፈጣን ምላሽ ዋንጫ ተልኮ ኖሯል! ሦስቱ ሠራተኞች ዋንጫውን ይሻማሉ። ሲያወሩት እንኳ ያስጠላል።

«ሰው በሌለበት መልስ የሚሰጠውን ፕሮግራም ኢሜይሉ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ» ይላል የኮምፒውተር ባለሙያው ባህሩ። «ያለ እኔ ማን ይመልስ ነበር?»

«አንተ የጫንከውማ ‹ቢሮው ዝግ ነው› ብቻ ነበር የሚለው» አለች ጸሐፊዋ እማዋይሽ። «በዓል መጥቶ ለሰው እንዲህ ይባላል? ነውር ነው ብዬ፣ አጥፍቼ በጨዋ ደንብ የጻፍኩት እኔ!»

ኃላፊው አቶ መንገሻ ዋንጫውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ባለጉዳይ በአካል አይምጣ ያልኩ እኔ። ሦስታችንም አንድ ላይ ፈቃድ እንድንወጣ የፈረምኩ እኔ። ሌላው ትርፍ ወሬ ነው።»

ትርንጎ ገባችና ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አቶ መንገሻ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ፤ ዋንጫውንም ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ቢሮው ዝግ ነው ብላችሁኝ ቢሆን በጎረቤቴ በጋሽ ደምሰው በኩል ክትባት አስመጣ ነበር» አለች። «እሺ ያለኝ ማነው?»

ባህሩ ወደ እማዋይሽ ጠቆመ። «ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ነው የሚለው። ቃሉ የሷ ነው።»

እማዋይሽ ፊቷ ቀላ። «እኔ ሰው እንዳላስቀይም ብዬ ነው። ቢሮውን ባዶ ያደረገው ማን ሆነና?»

«ፈቃድ ሕጉ የሰጠን መብት ነው» አሉ አቶ መንገሻ በመሐረቡ ውስጥ። «ደግሞስ ባህሩ፣ የሚልከውን አንድ ቀን እንኳ ከፍተህ አይተኸዋል?»

ቅድም ሁሉም የእኔ ነው ሲሉ አልነበር? ትርንጎ የሦስቱንም ፊት በጥላቻ እያፈራረቀች አየች።

«እኔ ካሳ ልለምን አልመጣሁም» አለች። «ይህን ለባለቤቱ ላስረክብ ነው። የማን ነው?»

ማንም እጁን አልዘረጋም። ዝንቦቹ ከጆንያው እየተነሡ ዋንጫው ላይ ማረፍ ጀመሩ።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ፍረዱ፦ ትርንጎ ጆንያውን ማን እጅ ላይ ታኑረው?