ገበሬው መሐላውን ያፈረሰበት ቀን

አንድ ደቀ መዝሙር መምህሩን፣ «የኔታ፣ ከንጉሣቸው የሚለዩ ሰዎች በደላቸውን ለሰው ሁሉ የሚዘረዝሩት ለምንድን ነው? ከከፋቸው ዝም ብለው አይለዩም?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦

አንድ ገበሬ ነበረ። በጎልማሳነቱ ንጉሡ «ወንዙን ተሻግራችሁ ቆላውን አቅኑልኝ፤ እኔም እጠብቃችኋለሁ» ቢል፣ ላይከዳው በፊቱ ምሎ ከመቶ አባወራ ጋር ወረደ። ታናሽ ወንድሙ ደጋ ቀረ። ገበሬው ጫካ መነጠረ፤ ሁለት ልጆቹን ወባ ገደለበት። እንዲያም ሆኖ የንጉሡን ስም በክፉ አንሥቶ አያውቅም።

አገሩ ሲለማ ንጉሡ ሰፋሪዎቹ ትዝ አሉት። ሳያማክራቸው ግብር ጣለባቸው። ሸንጎ እንዳይቀመጡ ከለከለ። ወታደሮቹን በየቤታቸው አሰፈረባቸው፤ ገበሬውና ሚስቱም አልጋቸውን ለወታደር ለቀው ከከብቶቻቸው ጋር መተኛት ጀመሩ። የተከሰሰ ሰው ወንዝ ተሻግሮ በማያውቁት ዳኞች ፊት እንዲቆም ታዘዘ፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ።

ገበሬው አቤት ሊል ሦስት ጊዜ ደጋ ወጣ። ሁለት ጊዜ ከንጉሡ በር መለሱት። በሦስተኛው አርባ ቀን ደጅ ጠንቶ ሳለ አጋፋሪው ወጣና፣ «ሂድ ሽማግሌ፤ ንጉሡ የእናንተን ነገር መስማት አይሻም» አለው። ሲመለስ ወደ ወንድሙ ቤት ጎራ አለ።

«አደራህን ቻለው» አለው ወንድሙ። «ንጉሡን የካድክ ቀን እኔንም ታጣኛለህ።»

ገበሬው ተነሥቶ የቆላውን መንገድ ያዘ። መንገዱን ሁሉ የወንድሙ ፊት ከዓይኑ አልጠፋም።

ቆላ ሲደርስ ሰፋሪዎቹን ሰበሰበ፤ የጎረቤት አገር ሽማግሎችንም አስጠራ። አንዱ ሰፋሪ ተቆጥቶ፣ «አባቴ፣ ምን ወሬ ያስፈልጋል? ወታደሮቹን ማባረር ነው!» አለ።

«ስንምል የሰማን ሰው አለ» አለ ገበሬው። «ለምን እንደምናፈርሰውም ይስማ። ከዋሸን ይፍረድብን።»

ቆሞም በደሉን አንድ በአንድ ተናገረ። የንጉሡን ስም ሲጠራ ሳያስበው እጅ ነሣ፤ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነበርና። በመጨረሻ «ከዛሬ ወዲያ ንጉሣችን አይደለም» ሲል እልል ያለ ሰው አልነበረም። እሱም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ንጉሡ ጦር ላከ። ስድስት ዓመት ተዋጉ፤ ከየቤቱ ሰው ወደቀ። ሰፋሪዎቹ በኋላ ነጻ ወጡ። ሰላም በወረደ በወሩ የወንድሙ ልጆች፣ «አባታችን ሞቷል፤ ለልቅሶ እንዳትመጣብን» ብለው ላኩበት። ገበሬው ጎረቤት ሳይጠራ፣ ድንኳን ሳይጥል፣ ለብቻው ወንዝ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ።

የኔታ ወደ ደቀ መዝሙሩ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ከንጉሣቸው የሚለዩ ሕዝቦችም እንደዚህ ገበሬ ናቸው። የሚያፈርሱት የገዛ ቃላቸውን ነው፤ ደም እንደሚከተለው፣ ወንድም እንደሚያሳጣቸውም ያውቃሉ። ምክንያቱን ሳይናገር እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርግ ሰው ከከሃዲ በምን ይለያል? በደላቸውን ሲዘረዝሩ ራሳቸውን ለፍርድ ማቆማቸው ነው። እንግዲህ የገበሬውን ቃል አንተም ሰምተሃል። ፍረድ።»