አውራ ዶሮው ላይተር

አንድ ቀን ሱቅ በደረቴው እንድሪስ ያለ የሌለውን አፍስሶ አንድ ካርቶን ላይተር አመጣ። ላይተሩ ደግሞ የዋዛ እንዳይመስላችሁ! የአውራ ዶሮ ቅርጽ አለው፤ ጅራቱን ሲጫኑት «ኩኩሉ!» ይልና ካፉ እሳት ይተፋል። እንድሪስ ገና ሁለቱን እንኳ ሳይሸጥ የገበያው ተቆጣጣሪ አቶ ዘውገ ከች አሉ። አቶ ዘውገ ማለት፣ የማያውቁት ነገር ቢኖር አለማወቃቸውን ብቻ ነው።

«አንተ! ደንቡን አላነበብክም?» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «መጫወቻ የሚመስል፣ የልጅ ልብ የሚስብ ላይተር መሸጥ ክልክል ነው! ልጅ አንስቶ ቤት ቢያቃጥልስ? ካርቶኑን አምጣ፣ ይወረሳል!»

እንድሪስ ክው አለ። ካርቶኑ ከሄደ ነገ ምን ይዞ ሊወጣ ነው? ቤት ያሉትስ ምን ሊቀምሱ? «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ የምሸጠው ለትልቅ ሰው ብቻ ነው» ቢል ማን ሰምቶት!

«ትልቅ ሰው በዚህ አይጫወትም!» አሉና አቶ ዘውገ፣ ለምርመራ ነው ብለው አንዱን አንስተው ጅራቱን ጫን አደረጉት። ኩኩሉ! ፈገግ አሉ። ደገሙት። ኩኩሉ! ሦስተኛው ላይማ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበባቸው። ሲበቃቸው «ይሄ ለማስረጃ» ብለው ኮት ኪሳቸው ከተቱትና ካርቶኑን ታቅፈው ሊሄዱ ተነሱ።

ይሄኔ እንድሪስ እጅ ነስቶ «ጌታዬ፣ በሞቴ አንዲት ነገር ልጠይቅዎ» አለ።

«ጠይቅ፤ ደንብ እንደሆነ በቃሌ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆሜ አንድም ልጅ ዞር ብሎ አላየውም። ልቡ የተሳበ ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። እንግዲህ ትልቅ ሰው ከሆኑ፣ ዕቃው የትልቅ ሰው ነውና ካርቶኔን ይመልሱልኝ። የለም፣ ልጅ ነኝ ካሉም ቶሎ ያስቀምጡት፤ ልጅ ላይተር ታቅፎ ሲሄድ ዝም ብዬ ባይ ደንቡ ምን ይለኛል?»

ገበያው በሳቅ ታመሰ። አቶ ዘውገም የቱን እንደሚሆኑ ቢጨንቃቸው የታቀፉትንም የኪሳቸውንም አስቀምጠው ውልቅ አሉ።