ጥቁሩን ለእኔ፣ ነጩን ለእናንተ

ተረት ልጀምር ነው። ማዛጋት የፈለገ አሁኑኑ አዛግቶ ይጨርስ፤ ስጀምር አፉን የከፈተ ዝንብ ቢገባበት እኔ የለሁበትም።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳት ጎጆ ቀልሰው፣ ሊጥ አቡክተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር አንዲት ጃርት ነበረች። እመት ጃርት ይሏታል። ባሏ ገደል ገብቶ ሞቷል። የሞተው ሥራ ሲሸሽ ነው ይላሉ፤ የሞተ አይወቀስምና እንተወው። የተረፉላት ልጆች ናቸው፤ ከራስ እስከ እግራቸው አፍ የሆኑ ልጆች። የመጨረሻዋ ድንቡሼ ትባላለች፤ ስትወለድ እንደ ሎሚ ክብ ስለነበረች ነው።

እመት ጃርት ደክሟት ትነሳለች፣ ደክሟት ትውላለች። እሾኋን ታራግፍና፣ «ደክሞኛል፤ ይሁን» ትላለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ።

ያ ዓመት ሰማዩ የጨከነበት ነበር። ከጎተራዋ ሥር የቀረው ትንሽ ገብስ፣ ትንሽ ሽምብራና እፍኝ የማይሞላ ተልባ ነው። እሱ ነው እንግዲህ ዝናብ እስኪጥል የሚያደርሳቸው። ዝናቡ ሲጥል ደግሞ አገሬው ሁሉ ሥራ ሥር ወዳለበት ወደ ማዶው ኮረብታ ይሻገራል። መሐሉ ላይ የጅብ ሜዳ አለ። እግሩ የጠና ይሻገራል። እግሩ ያልጠና ምን እንደሚሆን፣ እሱን ጅቡን ጠይቁት።

ስለዚህ እመት ጃርት እህሏን በብልሃት ትይዘዋለች። ገብሱን ከነገለፈቱ ትፈጨዋለች፤ ሽምብራውን ጣል፣ ተልባውን ጣል ታደርግበታለች። ከእናቷ በወረሰችው እርሾ ታቦካውና ኩፍ ሲል በኮባ ጠቅልላ ረመጥ ውስጥ ትቀብረዋለች። የሚወጣው ዳቦ መልኩ አፈር ነው፤ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ሲገምጡት ጥርስን ሥራ የሚያስይዝ። ግን ጠዋት የበላው ልጅ፣ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ «ራበኝ» አይልም።

በዚያ አገር አንድ ደንብ ነበር። እርሾ ለማኝ ከደጅ አይመለስም። ደግሞም ሰጪው ቀድቶ አያቀብልም፤ የቡኮውን ክዳን ገልጦ «ጭለፊ» ይላል፣ ለማኙ በገዛ እጁ ይጨልፋል። ክዳኑን ያልገለጠ ቤት ሊጡ ዳግመኛ ኩፍ አይልም ይባል ነበር። ማንም ይህን ደንብ ጥሶ አያውቅም፤ ያለ ዳቦ መቅረት የሚፈልግ ማን አለ?

ከወንዙ ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣ አገር ሁሉ የሚፈጭበት የወፍጮ ድንጋይ ነበር። አንድ ቀን አያ ጦጣ ከሣር የጎነጎነውን ወንፊት ይዞ ከድንጋዩ አጠገብ ጉብ አለ። ጅራቱን ጠቅልሎ እንዲህ ሲል ይጣራ ጀመር፦

«ኑ፣ ልንፋላችሁ! ጥቁሩን ለእኔ፣ ነጩን ለእናንተ! ድካሙ የእኔ፣ ምቾቱ የእናንተ! የእኔን ንፊት የበላ ይነጣል!»

«ስንት ልታስከፍለን ነው?» አለች ቆቅ።

«እኔ? ከእናንተ? ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ሻካራውን፣ ግርዱን ብቻ ተዉልኝ። እሱንም ሸክም ላቅልላችሁ ብዬ ነው፤ ወስጄ እደፋዋለሁ።»

መጀመሪያ የሄደችው እትዬ ከርከሮ ናት። እሷ አዲስ ነገር አለ ከተባለች ገደልም ቢሆን ትገባለች። ዱቄቷን አስነፍታ፣ እንደ ጥጥ የነጣ ዳቦ ጋግራ፣ ልጆቿን ደጅ አስቀምጣ ታበላ ገባች፤ ጓዳ ቢበሉ ማን ያይላታል? ከዚያ የከርከሮ ልጆች የጃርትን ልጆች ባዩ ቁጥር፣ «አፈር በላ! አፈር በላ!» እያሉ ይከተሏቸው ጀመር።

ድንቡሼ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ገባች። «እማዬ፣ እኛ የምንበላው አፈር ነው እንዴ?»

«አፈር ቢሆንማ ምን አደከመኝ? ቆፍሬ አበላሽ ነበር» አለች እናትየው። ነገሩ ግን ሆዷ ገባ።

እትዬ ከርከሮም አልተኛችላት። በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «አንቺ ጃርት፣ ይህን ጥቁር ድንጋይ እስከ መቼ ታስገምጫቸዋለሽ? አስነፍተሽ ብታበያቸው እኮ ነጥተው ያምርባቸዋል» አለቻት።

«ቆንጆ ጃርት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሱስ አላየሁም። ግን ቢያንስ ክንድሽ ያርፋል።»

ይቺ ነገር ጠቅ አደረገቻት። ግርድ ያለው ሊጥ እንደ ግትር በሬ ነው፤ ክንድ ሳይሰብር እሺ አይልም። የከርከሮ ሊጥ ግን በጣት ሲነኩት ይነሳል ይባላል። እመት ጃርት ክንዷን አየችው። ደግሞ ድንቡሼን አየቻት። «ደክሞኛል፤ ይሁን» አለች። የቀረውን እህል ሁሉ ፈጭታ፣ ዱቄቱን በከረጢት ተሸክማ ወደ ዋርካው ወረደች።

አያ ጦጣ ነፋው። እጁ እንዴት ይፈጥናል! ሽው፣ ሽው። ነጩን ከረጢት ውስጥ፣ ግርዱን ከኋላው አቁማዳ ውስጥ። ሲጨርስ እመት ጃርት ከረጢቷን አንስታ በእጇ መዘነችው።

«አያ ጦጣ፣ ከረጢቴ ከሳ።»

«ከሳ አይባልም እመት ጃርት፤ ተጣራ ነው የሚባለው።»

እሷም ከረጢቷን ተሸክማ ሄደች።

ሊጡ እውነትም አላስቸገረም፤ ዳቦው እውነትም ነጣ። ልጆቹ ሳያኝኩት ዋጡት። እናታቸው እግሯን ዘርግታ አረፍ አለች። ከባሏ ሞት ወዲህ እግሯን ስትዘረጋ የመጀመሪያዋ ነው። ጥላው ሳይዞር ግን፣ «እማዬ፣ ራበኝ» አለ ትልቁ። «እኔንም» አለ ተከታዩ። ሌላ ጋገረች። ያንን ዋጡና፣ «እማዬ፣ ራበኝ።» ሌላ ጋገረች። ክንዷ ያረፈውን እግሯ ከፈለው፤ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ።

ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ሆዳቸው ደረቀ። ከጓሮ ሄደው ቁጭ ብለው ያምጣሉ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ምን ታፍራላችሁ፣ ሆድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ፊታቸው ገረጣ፣ ከንፈራቸው ነጣ። ድንቡሼ በስም ብቻ ድንቡሼ ሆነች፤ እግሯ እንደ ሣር ይወዛወዛል፣ ከበሩ እስከ ጓዳ ስትሄድ ግድግዳ ትይዛለች።

እመት ጃርት ወደ ዋርካው ወረደች። «አያ ጦጣ፣ ልጆቼ ነጡብኝ!»

«ብዬሽ አልነበረ!» አለ ጦጣ እየሣቀ። «የእኔን ንፊት የበላ ይነጣል!»

የእሱ ልጆች ከበላዩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወናጨፋሉ። ጠጉራቸው ያብለጨልጫል። እመት ጃርት ቀና ብላ አየቻቸው። በሌላው ልጅ ጤና አይቀናም ብላ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት በስተምሥራቅ ደመና ታየ። አገሬው ጓዙን ይጠቀልል ጀመር። እመት ጃርት ከረጢቷን ብታራግፍ የወጣው እፍኝ ዱቄት ነው። እሱን እንኳ ጋግራ የመንገድ ስንቅ ልታደርገው ወደ እርሾዋ ብትሄድ፣ እንስራው ተልሶ ጸድቷል፤ ልጆቹ ርቧቸው የእናቷን እርሾ ልሰውታል። ማንን ትቆጣ? ዱቄቱን በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው ቅል ይዛ እርሾ ልመና ወጣች።

እትዬ ከርከሮ ቤት ደረሰች። «እርሾ ለማኝ ነኝ።»

እትዬ ከርከሮ ክዳኗን ገለጠች። እንስራዋ ደርቆ ተሰንጥቋል። «የእኔም ልጆች ልሰውታል» አለች፤ ያ ሁሉ ኩራቷ የት እንደገባ። ከኋላዋ የከርከሮ ልጆች ተኝተዋል፤ «አፈር በላ» የሚልም አልነበረም።

ቆቅ ቤት ሄደች። እዚያም ክዳን ተገለጠ፣ እዚያም ባዶ። የቀረው የጦጣ ቤት ነው።

«እርሾ ለማኝ ነኝ» አለች ከደጁ ቆማ።

አያ ጦጣ በሩን በገላው ሞላው። «የለኝም እመት ጃርት። ይቅርታሽን።»

«ክዳኑን ግለጥና የለኝም በለኝ። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«ምን ባዶ እንስራ ያስገልጥሻል?»

ይሄኔ ትንሹ ጦጣ ከጓዳ ብቅ አለ። «አባዬ፣ ትልቁ እንስራ ኩፍ ብሎ እየፈሰሰ ነው!»

«ዝም በል አንተ! እሱ የእናትህ ጠላ ነው!»

«እማዬ ጠላ አትጠጣም እኮ!»

እመት ጃርት እሾኋን ቀሰረች። እሾህ የቀሰረች ጃርት በጠባብ በር ስትመጣ መንገድ የማይለቅ የለም፤ ጦጣም ለቀቀ። ገብታ ቅሏን አስቀመጠችና ክዳኑን ገለጠች። ሊጡ ጥቁር ነው፤ ትንፋሽ እየዘራ ኩፍ ብሏል። ከጎኑ በኮባ የተጠቀለለው ዳቦ ተደርድሯል፤ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ መልኩ የአፈር። ሊጡን በጣቷ ጠንቁላ ቀመሰችው። የቆቅን ማሽላ አገኘችው። የከርከሮን ስንዴ አገኘችው። የራሷን ገብስ ገለፈት፣ ተልባዋን ሳይቀር አገኘችው።

«እደፋዋለሁ ብለኸን ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ደፋሁት እኮ» አለ ጦጣ፤ «መልሼ ፈጨሁና እንስራው ውስጥ።»

«የበላ ይነጣል ብለኸን ነበር።»

«ታዲያ ዋሸሁ? አልነጡም?»

«ነጥተዋል» አለች እመት ጃርት። «የነጣ ድሃ ሆነዋል።»

ጦጣ ሊስቅ አፉን ከፈተ። የልጇን ከንፈር ያየች እናት ፊት መሣቅ ደግ አይደለም። ዱቄት በጨበጠው እጇ ግራ ጉንጩን አለችው፣ ቀኙንም ደገመችው፣ የተረፈውን ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። የተንጠለጠለውን ወንፊት ደግሞ በእሾኋ ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ከዚያ ደጅ ወጥታ ባላት ጉልበት ጮኸች፦

«እርሾ የጠፋባችሁ! እርሾ ተገኝቷል! ቅላችሁን ይዛችሁ ኑ!»

አገሬው መጣ። አያ ጦጣ ከእንስራው ፊት እጁን ዘርግቶ ቢቆምም፣ የመጣው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው፤ «እርሾ ለማኝ ነኝ።» እርሾ ለማኝ ደግሞ ከደጅ አይመለስም። ምን ይበል? ከርከሮ ጨለፈች። ቆቅ ጨለፈች። አንዱ ጨልፎ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እንስራው ባዶውን ቀረ። ከጓዳ ከተከመረው የግርድ አቁማዳ ሁሉም የራሱን ለይቶ አነሣ፤ ጦጣም እየቆጠበ ያልበላውን እህል በዓይኑ ሸኘ።

ደመናው ገና እያዘገመ ነበር። እመት ጃርት ክንዷን ሰብስባ ያንን ግትር ሊጥ ታገለችው። «ደክሞኛል፤ ይሁን።» ልጆቹ አኝከው በሉ። የሆድ ነገር መጀመሪያ ተስተካከለ፤ ከጓሮ የመጣው የእፎይታ ድምፅ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ደም መሰለ። ድንቡሼ ግድግዳውን ለቀቀች።

ዝናቡ ሲጥል አገሬው ተነሣ። የጅቡን ሜዳ ሲሻገሩ ጅቡ ከጫካው ዳር ተቀምጦ ያያል፤ ወደ ኋላ የሚቀር እግር ይፈልጋል። የሌላው ልጅ የእናቱን ጭራ ይዞ ይሄዳል። የጃርት ልጅ ግን የእናቷን እሾህ ይዛ መሄድ አትችልም፤ ድንቡሼ በራሷ እግር ነው የሄደችው። አንዴ ጭቃ አዳለጣት። እመት ጃርት ወደ ኋላ ዞረች። ልጅቷ ተነሣች። ጅቡ አዛጋና ሌላ ቦታ አየ።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ እመት ጃርት እግሯን ዘረጋች። እትዬ ከርከሮ አጠገቧ ዘፍ አለችና፣ «እኔ እኮ ያንን ጦጣ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር» አለቻት።

እመት ጃርት አየቻት። «ይሁን እትዬ ከርከሮ፤ ደክሞኛል» አለች።

ያ ዱቄት ከጦጣ ፊት አልወጣም። ወንዝ ወርዶ ቢያጥበው፣ በቅጠል ቢፈትገው አልለቅ አለው። ይኸው እስከ ዛሬ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ግንባሩና ጉንጩ ዙሪያ ነጭ ነው። የእሱን ንፊት የበላ ይነጣል ብሎ አልነበር? በመጨረሻ የነጣው እሱ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ነጩን ግን ለጦጣ ተዉለት፣ ለእኔ ግርድ ካለበት ቁረሱ። ይህንንም ቋጥራችሁ ሂዱ፦

ነጩን ብላ የሚልህ ጎረቤት፣ ጥቁሩን ያቦካል ከቤት።