ጉርሻ የመለሰው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ በላተኛም ነበረ። ደቦ ሲጠራ ሴቶቹ የእሱን ድርሻ ለብቻ ያዘጋጁለታል። «ይሄስ የሰው ሆድ አይደለም፣ ጉድጓድ ነው» ይሉታል። እሱም አይከፋም፤ ይስቅና ይጨምራል።

አንድ ዓመት በመስከረም በረዶ ወረደና አዝመራውን መሬት ላይ አነጠፈው። ሰውየው ሚስቱን ቤት ትቶ ቆላ ወረደ። የሰው ሰሊጥ አጨደ፣ ሰሊጡ ሲያልቅ የሰው ማሽላ ቆረጠ። አራት ወር ቆየ። አሠሪው እጀ ቋጣሪ ነበርና ለአንድ ሠራተኛ በቀን አንድ የማሽላ ቂጣ ነው የሚሰጥ። መጀመሪያ ሰሞን ሆዱ ጮኸበት። ከዚያ ዝም አለ። ሰውየውም ሆዱ ዝም ማለቱን ልብ አላለውም፤ ሥራ ነበረበት።

ጥምቀት እንዳለፈ ሁለት ጆንያ ጤፍ በአህያ ጭኖ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ለዚያች ቀን ብላ ያቆየችውን አውራ ዶሮ አረደች። ሰውየው መንገዱን ሁሉ ይህንን ማዕድ እያሰበ ነው የመጣው። ተቀመጠ፣ ቆረሰ። ግማሽ እንጀራ ሳይጨርስ ሆዱ እንቢ አለ። ሚስቱ ጠቅልላ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። በዚያ አገር ጉርሻ አይመለስም። እሱ ግን እጇን ያዘና መለሰው። ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

በማግሥቱም እንደዚያው፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ሰውየው ፈራ። አባቱ ሊሞት ወር ሲቀረው እህል አልወርድ ብሎት ነበር። «እኔን የመሰለውን በላተኛ እህል ከሸሸው፣ አፈር ጠርቶኛል ማለት ነው» አለ በልቡ። ለሚስቱ እንዳይነግራት አራት ወር ብቻዋን የከረመች ሴት ናት፤ አሳዘነችው።

እሷ ደግሞ ሌላ ነገር አስባለች። በሦስተኛው ማታ ትሪውን እያነሳች፣ «ቆላ የምታጎርስህ አግኝተሃላ» አለችው።

አላገኘሁም ቢላት፣ ታዲያ ለምን አትበላም ትለዋለች። ሞቴን ከምታውቅ ቂም ብትይዝብኝ ይሻላል ብሎ አንገቱን ደፋ። አንገት መድፋቱ እንደ ማመን ተቆጠረበት።

ጧት ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ ተነሣች። ስትዳር ያመጣችውን አቁማዳ ከግድግዳው አወረደችና የድርሻዋን ጤፍ ትሰፍርበት ገባች። አምስት ቁና የሚይዝ አቁማዳ ነው። ሦስተኛው ቁና ላይ እስከ አፉ ሞላ። ነቀነቀችው፣ በጉልበቷ ተጫነችው። እንቢ አለ። ሰውየው ደጃፍ ተቀምጦ ያያታል።

«ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለእሱ ሳይለይ።

«ምንም አልነካው። ከበረዶው ወዲህ ባዶውን ከርሞ ነው። ቆዳ ባዶውን ሲከርም ይኮማተራል። ቅቤ ቀብተሽ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ብትጨምሪበት…»

አልጨረሰውም። እጁ ወደ ሆዱ ሄደ። እሷም የሚወድቅ መስሏት ቁናውን ጣለች።

«እኔ እኮ የምሞት መስሎኝ ነበር» አላት።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወጣ። በቀን ስንት ቂጣ ነበር ብላ ጠየቀችው። አንድ አላት። ለምሳ? አለችው። ለቀኑ፣ አላት። እዚያው የፈሰሰው ጤፍ አጠገብ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባሏን በሐሳቧ ለሌላ ሴት ሰጥታ ያደረች ሴት ሳቅ ነው። ሰውየውም ጤፉን ከመሬት እያፈሰ አብሯት ሳቀ።

አቁማዳውን ቅቤ ቀባችው። ለባሏም በየቀኑ አንድ አንድ ጉርሻ ጨመረችለት። ለቅበላ አቁማዳው አምስት ቁናውን ያዘ። ሰውየው ግን አንድ ሙሉ እንጀራ ሲደርስ ጠገበና እዚያው ላይ ቆመ። ያ የድሮው ሁሉ ልማድ ኖሯል እንጂ ረሃብ አልነበረም።

ይህን ተረት ያወጋሁህ ለጥያቄህ ነው፣ ስመኘው፤ «እናቴ ድነሻል ተብላ ከሆስፒታል ወጥታ ሳለ አራት ጉርሻ ላይ በቃኝ ትላለች፣ ሆዷ ሞቷል ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አልሞተም። ሁለት ወር ተኝታ አጥሚት በማንኪያ ስትቀበል ነው የከረመች። ሆድም እንደ አቁማዳው ነው፤ የለመደውን ያህል ይይዛል። እየጠበበ ይለምዳል፣ እየሰፋም ይለምዳል። እንግዲህ ፊቷ ተቀምጠህ አታልቅስባት። ዛሬ አራት ከጎረሰች ነገ አምስት ትጎርሳለች። ባንድ ቀን ልሙላው ካልክ ግን ታሳምማታለህ።

አንተም ብትሆን እንደዚያ ሰውዬ በላተኛ ነህ፤ እግዜር ሰፊ ሆድ ሰጠኝ እያልክ አታመካኝ። እሱ ልክህን ነው የሰጠህ፤ ያሰፋኸው አንተ ነህ። በል ተነሥ፣ ምሳዋ እንዳይረፍድባት።